ለቀብሩ እድር አለን፤ ለአልጋውስ?

እድር የሌለው አዛውንት ማግኘት ይከብዳል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ በእድሩ ግምጃ ቤት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መቃብር ማን እንደሚያስቆፍር፣ ለቀስተኛውን ማን እንደሚያስተናግድ ይታወቃል። ከቀብሩ በፊት ስላሉት ዓመታት ግን ብዙ ቤተሰብ አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አልተነጋገረም። እናት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው ማን ያነሣቸዋል? ሌሊት ማን ይነቃል? ዳይፐሩ በማን ገንዘብ ይገዛል? ለሞቱ ከምናደርገው ዝግጅት ግማሹን እንኳ ለሕመሙ ብናደርግ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድን ነበር።

እንዳንነጋገር የሚያደርገን ስለ ሕመም አስቀድሞ ማውራት እንደ ሟርት መቆጠሩ ነው። "ክፉ አታውራ" ተብሎ ወሬው ይዘጋል። ስለዚህ ከሕመም አትጀምሩ። አዛውንቶች ስለ መቀበሪያቸው ሲናገሩ አይፈሩም፤ የትኛው ደብር፣ ከማን ጎን እንደሚያርፉ ብዙዎቹ ወስነው ጨርሰዋል። ከዚያ ተነሡና ወደ ኋላ ሂዱ፦ "እስከዚያውስ የት ብትሆኚ ደስ ይልሻል?" የታመመ ጎረቤት ጠይቀው ሲመለሱ፣ ቡና ላይ ሲቀመጡ፣ ያዩትን እያወሩ ሳለ ጥያቄው ራሱ ይመጣል።

ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር ነው። በቤታቸው መቆየት ይፈልጋሉ ወይስ ከልጅ ጋር? ከየትኛው ልጅ? ገላቸውን ማን ቢያጥባቸው አያፍሩም? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ልጃቸው ወንድ በመሆኑ ብቻ መታጠብን የሚሸሹ እናት አሉ፤ ሴት ልጃቸው ገላቸውን እንድታይ የማይፈቅዱ አባትም አሉ። ሳይጠየቁ ቀርተው ክፉ ቀን ሲመጣ እምቢታው እንደ ግትርነት ይታያል፤ የሚቀጠረው አስታማሚ ወንድ ይሁን ሴት የሚወስነውም ይኸው መልስ ነው። የተናገሩትን በደብተር ጻፉ፣ ቀኑንም አብራችሁ።

ቀጥሎ የእጅ ሒሳብ አለ። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው በየ2 ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ አለበት፤ በቀንና በሌሊት 12 ጊዜ ማለት ነው። በዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ማብላት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ዳይፐር 4 ወይም 5 ጊዜ መቀየር፣ ገላ ማጠብ፣ አንሶላ ማጠብ አለ። አንድ ሰው ይህን ብቻውን ሳምንታት እንጂ ወራት አይችልም። ቤተሰቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ "ሠራተኛ አለች" ብሎ ይተማመናል። ለቤተሰቡ ወጥና እንጀራ የምትሠራዋን ልጅ "እግረ መንገድሽን እማማንም እይልን" ይሏታል። ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ደመወዙ ግን ያው ነው። ትሄዳለች፤ ብትሄድም አይፈረድባትም።

አስታማሚ ስትቀጥሩ ለዚያ ሥራ ብቻ ቅጠሩ፤ ሥራውንም ሳትሸሽጉ ተናገሩ። ሰገራና ሽንት ማጽዳት አለ፣ ማንሣት አለ፣ ሌሊት መንቃት አለ። ሌሊቱን የነቃች ሰው ቀኑን መተኛት አለባትና የቀን ሰው ሌላ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይኑራት፤ በዚያ ቀን የሚተካት የቤተሰቡ አባል ስሙ ተለይቶ ይታወቅ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ከቤተሰቡ ጋር እያየች ትሥራ። ይህን ሁሉ አዛውንቱ ገና በራሳቸው እየሄዱ ሳለ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በመጀመር ማለማመድ ይቻላል። እንግዳ እጅ ቀስ ብሎ ሲለመድ የሚያስፈራውን ያህል አያስፈራም።

አስታማሚ ያልተቀጠረ እንደሆነ ሸክሙ የሚወድቀው በቅርብ ባለችው ሴት ልጅ ላይ ነው፤ ያላገባች ከሆነች ደግሞ ማንም አይጠይቃትም። ሥራዋን ትለቃለች፣ ጡረታ ሳታጠራቅም ታረጃለች፣ ወንድሞቿ ደግሞ ገንዘብ ስለላኩ ድርሻቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። ይህ ግፍ ነው። የሷ ጊዜ በብር ተተምኖ በመዋጮው ውስጥ ይቆጠር፤ ከተቻለም በየወሩ ይከፈላት። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ ያደረገው በልጆች ሁሉ ላይ ነው፤ ለወላጆቹ ቅርብ ሰፈር የሚኖረውን ልጅ ለይቶ አልጠቀሰም።

ገንዘቡን ስትተምኑ ጤና ጣቢያውንና መድኃኒቱን ብቻ አትቁጠሩ። በቀን 4 ዳይፐር ቢሆን በወር 120 ነው፤ ዋጋውን ከሱቅ ጠይቃችሁ አባዙት። አንሶላ ቢያንስ 4፣ ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ 2፣ ፎጣ 6 ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ለበጋ ነው። በክረምት የታጠበ ልብስ ሁለት ሦስት ቀን ሳይደርቅ ስለሚቆይ አንሶላውን እጥፍ አድርጉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለማስታመሙ ብቻ የሚቆይ በርሜል ወይም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይለይ። በቆሸሸ አንሶላ የሚያድር ገላ ቁስል ይወልዳልና የውኃ እጥረት እዚህ ቤት የሕመም ምክንያት ነው።

ጤና መድንም አስቀድሞ የሚታሰብ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በየዓመቱ በምዝገባ ወቅት የሚታደስ ነው፤ ታሞ ወደ ወረዳ መሮጥ አይጠቅምም። አዛውንቱ በማን ካርድ ላይ እንደተመዘገቡ አሁኑኑ ተመልከቱ። አገልግሎቱ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል የሄዱ ሰዎች ወጪውን ራሳቸው ይችላሉ።

ወረቀት ላይ ቤተሰብ የሚሳሳተው አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። "ውክልና ሰጥተውኛል" ብሎ ልጅ ይተማመናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ብቻ ሳይሆን ችሎታ ሲያጣም ያበቃል። አባት አእምሯቸውን ሲስቱ፣ ማለትም ወረቀቱ በጣም በሚያስፈልግበት ቀን፣ ወረቀቱ አጠያያቂ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ቀርቦ፣ ሰውየው በፍርድ ተከልክሎ፣ ሞግዚት ይሾምለታል። ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ስለዚህ ውልና ማስረጃ ስትሄዱ ውክልናው ችሎታ ቢያጡም እንዲቀጥል የሚል ሐረግ ይገባ እንደሆነ የሕግ ባለሙያ አማክሩና አዛውንቱ ራሳቸው ሲፈልጉት ብቻ አስገቡ።

ጠቅላላ ውክልና ሁሉን ያስችላል የሚባለውም ስሕተት ነው። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ቤት መሸጥና ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ ክስ መመሥረትና መከላከል እያንዳንዳቸው በልዩ ውክልና በስም መጠቀስ አለባቸው። ባንክን፣ ጡረታን፣ ሕክምናን፣ የቤት ኪራይ መቀበልን ለየብቻ አስጽፉ። ለመሸጥ ያልታሰበ ቤት ግን በውክልናው ውስጥ አይግባ፤ ወንድማማች የሚጣላው እዚያ ላይ ነው።

አዛውንቱ ከአልጋ የማይነሡ ከሆነ የውልና ማስረጃው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወዳሉበት ሊልክ ይችላል፤ ባለሙያው ግን ራሳቸውን ጠይቆ የሚያደርጉትን ማወቃቸውን ያረጋግጣል። መመለስ ካቃታቸው አይፈርምም። በስትሮክ ማግስት ባለሙያ ወደ ቤት የሚጠራ ቤተሰብ ዘግይቷል።

ኑዛዜን በሚመለከት ቤት ውስጥ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ ይዘቱ ሳይሆን አጻጻፉ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም በጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት፤ እዚያው ሁሉም ይፈርማሉ። "ተነበበ" የምትል ቃል ስለጎደለች ብቻ ፍርድ ቤት የወደቁ ኑዛዜዎች ጥቂት አይደሉም።

ፋይዳን፣ ማለትም ብሔራዊ መታወቂያውን፣ አታዘግዩ። ምዝገባው የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፎቶ ይወስዳል፤ ሲያርሱና ሲፈጩ የኖሩ ሰዎች አሻራ ስለሚደበዝዝ አንዳንዴ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። ራሳቸው ተራምደው መሄድ በሚችሉበት ጊዜ ይጨረስ። ስማቸውና የልደት ዘመናቸው በመታወቂያ፣ በባንክ ደብተር፣ በጡረታ ወረቀትና በቤት ካርታ ላይ አንድ መሆኑንም አመሳክሩ። አንዱ ላይ "ወርቅነሽ" ሌላው ላይ "ወርቄ" የተባሉ እናት ባንክ መስኮት ላይ ሁለት ሰው ናቸው። የልደት ዘመን በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀላቅሎ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት መፍጠሩም የተለመደ ነው።

ወደ ቤቱ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ብዙ ኮንዶሚኒየሞች ባለ 4 ፎቅና ሊፍት የሌላቸው ናቸው። 4ኛ ፎቅ ላይ ያሉ አዛውንት ጉልበታቸው ሲደክም መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይተዋሉ፣ ከዚያ እድር፣ ከዚያ ፀሐይ። ቃሬዛ በደረጃው መታጠፊያ አይዞርም፤ በወንበር አስቀምጦ አራት ሰው ተሸክሞ ማውረድ ነው ያለው። ጉልበት ገና ሳለ ቤቱን አከራይቶ ምድር ቤት መከራየት ከሁሉ የሚሻል ውሳኔ ይመስለኛል። አዲሱን ሰፈር ለመልመድም ጤናው ያስፈልጋልና።

ሽንት ቤቱ ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ ነው። እርጥብ ሴራሚክ ላይ በነጠላ ጫማ መሄድ አደገኛ ነው፤ ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ ይሁን። ከመቀመጫው ጎን መያዣ ብረት ይተከል። የፎጣ መስቀያ ክብደት አይችልም። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር ይነቀላል፤ ግድግዳውን አልፎ በወዲያኛው በኩል በላሜራ ላይ የሚታሰር ቡሎን ያስፈልጋል። ሲጨርሱ እናንተ ራሳችሁ በሙሉ ክብደታችሁ ተንጠልጠሉበት። መቀመጫው ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለመነሣት ይቀላል። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለና ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ አናጢ መሀሉን የበሳው ጠንካራ ወንበር ከላይ ይቀመጥ፤ ለሌሊት ግን ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይሁን። መብራት ይጠፋልና ቻርጅ የሚደረግ መብራት እጃቸው በሚደርስበት ይሁን። በክረምት ከሰል ያለበት ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ይገድላል፤ ይህን ለአስታማሚውም ደጋግማችሁ ንገሩ።

የወደቁ አዛውንት እግራቸው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ፣ መቆምም ካቃታቸው፣ የዳሌ አጥንት ስብራት ነው ብላችሁ ያዙት። ወጌሻ አይንካቸው። ማሸትና መጎተት ስብራቱን ያባብሳል፤ ራጅ ተነሥተው የአጥንት ሐኪም ይያቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስብራቱ ሳይታከም አልጋ ላይ የሚቀሩ አዛውንቶች የሚሞቱት ከአጥንቱ ይልቅ በሳንባ ምች፣ በደም መርጋትና በአልጋ ቁስል ነው።

የአልጋ ቁስል የሚጀምረው ከጅራት አጥንት ላይ፣ ተረከዝ ላይና ዳሌ ላይ ነው። በየቀኑ ሲታጠቡ እነዚህን ቦታዎች እዩ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይታይ ከአካባቢው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ፈልጉ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ካገኛችሁ ቁስሉ ከውስጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ያን ቦታ አትሹት፤ ክብደት ከላዩ አንሡ። ተረከዝ አየር ላይ እንዲሆን ትራስ ከባት ሥር አድርጉ። መሀሉ የተበሳ ክብ ትራስ ዙሪያውን ደም ይከለክላልና አይጠቅምም። ወደ ላይ ስታስጠጓቸው በብብት አትጎትቱ፤ ሁለት ሰው በአንሶላው ያንሣቸው። የአየር ፍራሽ ያግዛል፤ መገላበጡን ግን አይተካም።

ድንገት መቀባዠርን እርጅና አትበሉት። "ጃጁ" የሚለው ቃል ብዙ ሰው ገድሏል ብዬ አምናለሁ። መርሳት በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ሲመጣ አንድ ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ልጃቸውን ካላወቁ፣ ቀን ሙሉ ካንቀላፉ ወይም የሌለ ሰው ካዩ ግን የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አዛውንት ኢንፌክሽን እያለባቸውም ላያተኩሳቸው ይችላል። በዚያው ቀን ይታከሙ። የስኳር ታማሚ ከሆኑ መጀመሪያ ስኳራቸውን ለኩ፤ ከ70 (mg/dL) በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ራሳቸውን ለሳቱ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ማን እንዳዘዘው። ሦስት ክሊኒክ የሚሄዱ አዛውንት አንዱን የደም ግፊት መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ሊውጡት ይችላሉ። ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጨጓራ ያደማል፤ ከልጅ ሻንጣ የመጣው አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ለእንቅልፍ የሚወሰድ ዲያዚፓም ሌሊት ይጥላል። ጾም ሲቃረብ፣ ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን፣ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ጠይቁ። ኢንሱሊን ወግቶ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት አለመብላት አደጋ ነው። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ መሆኑን ልጅ ሲነግራቸው የማይሰሙ እናት የንስሐ አባታቸውን ይሰማሉ፤ እሳቸውን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ጸበል ሲሄዱም መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ።

ሲጠጡ የሚያስላቸው ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው እንደረጠበ የሚሆን ከሆነ ውኃው ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራም ይከፋል፤ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፣ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ አይተኙ። ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን ጉርሻው ትንሽ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው የማይከተል መሆን አለበት።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ገንዘቡን ለአንድ ሰው ላኩ፤ ያም ሰው ወጪውን በደብተር ይጻፍና በየወሩ ፎቶ አንሥቶ ለሁሉም ይላክ። ለየብቻ ለየሰዉ መላክ ወሬ ይወልዳል። ወላጅን ወደ አሜሪካ መውሰድ ለሚያስቡም አንድ ነገር ልበል፦ 65 ዓመት የሞላቸውና በልጅ በኩል ግሪን ካርድ ያገኙ ወላጅ ሜዲኬርን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች ጤና መድንን፣ ከፍለው እንኳ መግባት የሚችሉት 5 ዓመት በተከታታይ ከኖሩ በኋላ ነው። እስከዚያ የሕክምና ወጪያቸው እንዴት እንደሚሸፈን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ይታወቅ። ልጅ ለሥራ ወጥቶ በዋለበት አፓርታማ፣ ቋንቋው ሳይገባቸው፣ ጎረቤት "ቡና ጠጡ" ሳይላቸው የሚውሉ እናት አዲስ አበባ ካሉት ይበልጥ ሊደክሙ ይችላሉ። መጀመሪያ ለሦስት ወር ጉብኝት መጥተው ይዩት።

ዕቅዱ ሁሉ ተጽፎ ሲያልቅ አንድ ቅዳሜና እሑድ ፈትኑት። ዘወትር የምታስታምመው ልጅ ሁለት ቀን ከቤት ትውጣ፣ ስልኳንም ትዝጋ፤ የቀሩት ወረቀቱን ብቻ ይዘው ይሥሩ። ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ጎን ላይ መተኛት እንደሚያማቸው፣ የጤና መድን ካርዱ በየትኛው ቦርሳ እንዳለ ማንም ካላወቀ ያ ሁሉ እስካሁን በሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር ማለት ነው። ሰኞ ስትመለስ ከማንም በፊት እሷን ጠይቃችሁ የጎደለውን ጻፉ።